ሁለት ጣት ዝቅ ያለ ትከሻ

መስከረም 12

ለእህቴ ልጅ፣ ባለህበት፤

ፈጣሪ በምትሄድበት ሁሉ ይቅደምልህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴን አትጠይቀኝ እንጂ ሌላው ደህና ነው። ትምህርት ቤት ሊከፈት ስለሆነ ከዩኒፎርም ጋር ስታገል ሰነበትኩ።

የላክኸውን ፊልም አይቼዋለሁ። እንደምታውቀው የኔ ስልክ ከመጮህ በቀር ሌላ ሙያ የላትም፤ ስለዚህ ያየሁት በጎረቤቴ ስልክ ነው። ያቺ ሬዲዮ የምንላት፤ አሁንም ሬዲዮ ናት፣ ያልሰማችውን ሁሉ የምታወራ። ከጎኔ ተቀምጣ "ሦስት ደቂቃ ብቻ? ይሄ ፊልም ነው ማስታወቂያ?" ትላለች። አጭር ፊልም የሚባል አለ፣ የእህቴ ልጅ የሚሠራው እሱን ነው አልኳት። ሰው መታየት እንደሚፈልግ የሚያሳይ ነው ብለህ የጻፍክልኝንም አንድ ሳላስቀር ነገርኳት።

ፊልሙ አልከፋኝም። ሴትየዋ ሊፍት ውስጥ ብቻዋን ሆና፣ መስተዋቱን እያየች ለአለቃዋ የምትናገረውን ስትለማመድ፣ እጇን ስታወናጭፍ፣ በሩ ሲከፈት ደግሞ ጭጭ ብላ ስትወጣ አንጀቴን በላችው። ድምፅ ባይኖረውም ምን እንደምትል ገብቶኛል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ካሜራው ለምንድን ነው ከጣራው ጥግ ሆኖ የሚያየው? ሴትየዋ አንድም ጊዜ ቀና ብላ አላየችውም። ካሜራ ያዡ ጣራ ላይ ነው እንዴ የሚቀመጠው?

ሌላው፤ ከሄድክ ዘጠኝ ዓመትህ ነው። የሊፍቷን ሴትዮ ላክህልኝ፤ ባለፈውም ደረጃ ላይ ብቻውን የሚጨፍር ሰውዬ ላክህልኝ። ያንተን ፊት ግን ካየሁ አራት ዓመት አለፈኝ። ሬዲዮ "ፎቶ የማይልክ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው" ትላለች። እኔ አፏን አዘግቻታለሁ፤ በልቤ ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ እላለሁ። አንድ ፎቶ ላክልኝ። ከቅርብ የተነሳ ይሁን፤ ከጣራ ላይ እንዳይሆን።

መልሱን በስልክ አትንገረኝ፣ በወረቀት ጻፍልኝ። በስልክ ያወራነውን ሬዲዮ ከኔ ቀድማ ታውቀዋለች።

አክስትህ፣ ልብስ ሰፊዋ


ኅዳር 3

ለውድ እትዬ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎን ትንሽ እንደተሻለዎት ተስፋ አደርጋለሁ። ደብዳቤዎ በጊዜው ደርሶኛል፤ መልሱ የዘገየው ሥራ በዝቶብኝ ስለሆነ ይቅርታ ይደረግልኝ።

ፊልሙን በማየትዎ ደስ ብሎኛል። የካሜራውንም ነገር ጥሩ አድርገው ነው ያስተዋሉት። ከላይ የሚቀረጸው ሆን ተብሎ ነው። ሰው ካሜራ ፊቱ ሲቆም መልኩ ይለወጣል፤ ማንም አያየኝም ብሎ ሲያምን ነው፣ ማን እንዲያየው እንደሚፈልግ የሚታወቀው። ምስሉን የሚሰበስበው ባለ ስክሪኑ የምለው ወዳጄ ነው። እኔ እቆርጣለሁ፣ እቀጥላለሁ። ከርስዎ ሙያ ብዙ አይርቅም፤ የሚጣለው ቁራጭ ከሚቀረው ይበዛል።

ፎቶውን በተመለከተ፣ የስልኬ ካሜራ ተበላሽቷል። እንደተሠራ እልካለሁ። መልኬ እንደ ድሮው ነው፤ ትንሽ ከመክሳቴ በቀር።

"ወንበር" የሚል አዲስ ፊልም በጎረቤትዎ ስልክ ልኬያለሁ። አንድ ሽማግሌ ተላላኪ ነው። በምሳ ሰዓት ኮሪደሩ ላይ ካለችው ወንበር ይቀመጣል። ከመብላቱ በፊት የኮቱን ቁልፎች ከላይ እስከ ታች ይቆልፋል፣ ፀጉሩን በመዳፉ ያስተኛል፣ ከዚያ ብቻውን ይበላል። አምስት ቀን፣ አምስቴ። ሌላ ምንም የለውም። እርስዎ ምን ይላሉ?

አክባሪዎ፣ የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 28

ለእህቴ ልጅ፤

ጤና የሰጠህ ፈጣሪ ቀጥ ያለ ምላስም ይጨምርልህ።

እርስዎ አልከኝ። ደብዳቤህን ከላይ እስከ ታች ፈለግሁት፣ አንድም ቦታ አንቺ የለም። አንተ እርስዎ የምትለኝ ጥፋት ስትሠራ ነው። የጎረቤት መስኮት የሰበርክ ዕለት ገብተህ "እትዬ፣ ውሃ ላምጣልዎት?" አልከኝ፤ ውሃው ሳይመጣ ነገሩ ገብቶኝ ነበር። እትዬ የምትለኝ እናትህ ትለኝ ስለነበር ነው። እሷ ስትሞት ከነ ቃሏ አንተን ወረስኩ፤ ሌላ ማዕረግ አላማረኝም።

ደግሞስ የፊልም ሰው ካሜራ ተበላሸብኝ ይላል? እኔ መቀስ የለኝም ብልህ ታምነኛለህ?

"ወንበር"ን ሦስት ጊዜ አየሁት። ሬዲዮ በሁለተኛው ላይ ሰልችቷት ሄደች፤ ስልኩን ግን ትታልኝ ነው የሄደችው፣ ለዚህ አመሰግናታለሁ። ሽማግሌው ተዋናይ ነው ልትለኝ ነው መቼም። ልጄ፣ አርባ ዓመት ቁልፍ ስተክል የኖርኩ ሰው ነኝ። ተዋናይ ቁልፍ የሚቆልፈው ለሚያየው ሰው ነው። የዚህ ሰውዬ እጅ ሦስተኛዋ ቁልፍ ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ ወደ ኋላ ይላል፣ ከዚያ በአውራ ጣት ይገፋል። ቀዳዳዋ ጠባብ ናት ማለት ነው። በአምስቱም ቀን እንደዚያው። ይህን ማንም ማንንም አያስጠናም። ሰውየው መቀረጹን ያውቃል? ካላወቀ ስርቆት ነው። ሰው ሳያውቅ ኪሱ መግባትና ሳያውቅ ተደብቆ ማየት ለኔ አንድ ነው።

ሌላም ሰው አለ። በአራተኛው ቀን ከሽማግሌው ኋላ ባልዲ እየገፋ ያልፋል። ጀርባውን ሰጥቶ፣ አምስት እርምጃ ብቻ። እሱ ማነው?

ፎቶውን እየጠበቅሁ ነው። ቶሎ ይሁን። ለምን ቶሎ ብለህ አትጠይቀኝ።

አክስትህ


የካቲት 9

እትዬ፤

ሰላምሽ ይብዛ። በእርስዎ ስለያዝሽኝ ይኸው አንቺ ብያለሁ። የዘገየሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ምክንያቱን ሌላ ቀን እጽፍልሻለሁ።

ሽማግሌው ያውቃል። ሁሉም ያውቃሉ። ባለ ባልዲው ማንም አይደለም፤ ኮሪደሩ ባዶ እንዳይመስል የሚያልፍ አጃቢ ነው።

አሁን ደግሞ ተራው የኔ ነው። የመጨረሻዎቹን ደብዳቤዎችሽን ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ አየኋቸው። ፊደሎችሽ እያደጉ መጥተዋል። ድሮ በአንድ ገጽ ሠላሳ መስመር ትደረድሪ ነበር፤ በኅዳሩ ደብዳቤሽ ገጹ ዘጠኝ መስመር ብቻ ነው የያዘው፣ ያውም ወደ ታች እያዘቀዘቀ። አንቺ ክር ከመስመር ወጣ ብለሽ ያለቀ ሱሪ የምትፈቺ ሴት ነሽ። ይሄ ያንቺ እጅ ነው? ወይስ ሬዲዮ ናት የምትጽፈው? ፎቶዬንስ ቶሎ የፈለገው ማነው? ሬዲዮ ከሆነች ለወሬ ነው። አንቺ ከሆንሽ ግን፣ አራት ዓመት የታገሠ ሰው ዛሬ ምን አስቸኮለው?

በቅርቡ ደግሞ ከሀገር የመጣ ሰው አገኘሁ። በሰፈራችን አልፎ ነው የመጣው። "አክስትህ በር ላይ የነበረው ታፔላ ወርዷል" አለኝ። ስለ ሥራሽ መጻፍ ካቆምሽ ቆየሽ። ምን ሆነሽ ነው? አንድ ነገር ደብቀሽኛል።

"አበባ" የሚል ፊልም ልኬያለሁ። አንዲት ጸሐፊ ናት። የልደቷ ቀን ጠዋት ማንም ሳይገባ ትመጣና አበባ በራሷ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጣለች። ትወጣለች። ሰው ከገባ በኋላ ተመልሳ ስትመጣ አበባውን አይታ ትደነግጣለች፣ እጇን አፏ ላይ ታደርጋለች። ማንም ዞር ብሎ አያያትም። ትንሽ ቆይታ እንደገና ትደነግጣለች።

የእህትሽ ልጅ


የካቲት 30

ለእህቴ ልጅ፤

ሰላም ላንተ ይሁን፤ ለባለ ባልዲውም።

ታፔላው የወረደው ዝናብ አበላሽቶት ነው። ፊደሌ ያደገው ብዕሩ ወፍሮ ነው። ሌላ አትጠይቀኝ።

"አበባ"ን አየሁ። ለሁለተኛ ጊዜ ስትደነግጥ ሬዲዮ እንኳ ዝም አለች፤ ሬዲዮን ዝም ያሰኘ ፊልም ሽልማት ይገባዋል። እኔ ግን ዓይኔ እዚያ አልነበረም። ያ ሰውዬ እንደገና አለፈ። አሁንም ጀርባውን ሰጥቶ፣ ግን ቀረብ ብሎ። "እዚህ ጋ አቁሚው፣ እንደገና መልሺው" እያልኩ ሬዲዮን አስመርሬያታለሁ።

ስማኝ። በዚህ ዓለም ከሰው ሁሉ በደንብ የማውቀው ጀርባውን ነው። ሰው ሲለካ ፊቱን ያሳምራል፣ ሆዱን ይስባል፤ ጀርባውን ማስተካከል ግን አይችልም። የዚያ ሰውዬ ግራ ትከሻ ከቀኙ ሁለት ጣት ዝቅ ያለ ነው። እንደዚህ ላለ ትከሻ በሕይወቴ የሰፋሁት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመቱ ጀምሮ በግራ በኩል ስፖንጅ እየደረብኩ፣ ኮቱ እኩል እንዲመስል፣ ጓደኞቹ እንዳይስቁበት። ለራሱም ነግሬው አላውቅም።

ያ ልጅ ግን ሲሄድ አያነክስም ነበር። ይሄ ሰውዬ በቀኝ እግሩ ላይ ክብደቱን አይጥልም። ወድቆ መሆን አለበት። ማንም አልነገረኝም።

ካንተ ጋር መጨቃጨቅ ሰለቸኝ። የፊልም ሠሪው ደብዳቤ ይብቃኝ። ባለ ባልዲው ይጻፍልኝ።

አክስትህ


ሚያዝያ 20

እትዬ፤

ዕድሜሽን ያርዝመው፤ እኔን ለመታገሥ ያስፈልግሻል። በታዘዝኩት መሠረት የምጽፍልሽ ባለ ባልዲው ነኝ።

ይህን ደብዳቤ ስንት ጊዜ ጀምሬ እንደቀደድኩ አልነግርሽም። ባለ ስምንት ፎቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጽዳት ሠራተኛ ነኝ። ፊልም ሠሪ ነኝ ብዬ የጻፍኩልሽ በመጣሁ በዓመቱ ነው፤ ያኔ ፊልም የሚባል ነገር አጠገብ አልደረስኩም ነበር። ለጎረቤት ሁሉ እንደነገርሽ ስሰማ መመለሻው ጠፋኝ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የኔ እያደር ከበደ።

ባለ ስክሪኑ የሕንፃው ጥበቃ ነው። ሥራው የጣራ ካሜራዎቹን የሚያሳዩ አሥራ ስድስት ስክሪኖች ፊት ተቀምጦ መዋል ነው። ምሳ አብረን ስንበላ "ና እስቲ ይቺን እያት" ማለት ጀመረ። እንዲህ ሆኖ ነው ፊልም የጀመርኩት። የምቆርጠውና የምቀጥለው እኔ ነኝ፤ ይህቺ ብቻ ውሸት አይደለችም። ሰዎቹ ግን አንዳቸውም አያውቁም ነበር።

የዛሬ አራት ዓመት ደረጃው ላይ አምፖል ስቀይር ከመሰላል ወደቅሁ። ጉልበቴ ተሰበረ፣ ሁለት የፊት ጥርሴ ወለቀ፣ ከጉንጬ እስከ አገጬ ተሰፋሁ። ስፌቱን ብታዪው ትናደጂያለሽ፤ ክሩ ተስቦ ቆዳው ተጨማዷል። የስልኬ ካሜራ ደህና ነው እትዬ። የተበላሸው ፊቴ ነው።

አንድ ነገር ግን እወቂልኝ። ባልዲው የሚያልፍበትን አምስት እርምጃ ቆርጬ መጣል እችል ነበር፤ የአንድ ጣት ሥራ ነው። በ"ወንበር" ተውኩት፣ በ"አበባ" ደግሞ ቀረብ የሚለውን መርጬ አስገባሁ። እንድታዪኝ ፈልጌ ነው። እንዳታውቂኝም ፈልጌ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ እንዴት እንደፈለግሁ እኔም አይገባኝም።

ስርቆት ነው ያልሽው ከኅዳር ጀምሮ አላስተኛኝም። ሽማግሌውን ምሳ ሰዓት ጠብቄ ሁሉንም ነገርኩት። ይሰድበኛል ብዬ ነበር። ስልኬን ተቀብሎ አራት ጊዜ አየው። "እዚህ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ሠራሁ፤ የሚያየኝ ሰው መኖሩን ዛሬ ገና ሰማሁ" አለ። ቀጥሎ "ይሄን ለባለቤቴ ላክልኝ። ስበላ ኮቴን እቆልፋለሁ ስላት አታምነኝም" አለኝ። ሦስተኛዋ ቀዳዳም ጠባብ ናት፤ ጠይቄዋለሁ።

ባለ አበባዋ ግን አለቀሰች። "አጥፋው፣ አሁኑኑ እያየሁ አጥፋው" አለችኝ። አጠፋሁት። ከዚያ ወዲህ ስታየኝ መንገድ ትቀይራለች፤ አልፈርድባትም። ሊፍት ውስጥ የነበረችው ሥራ ለቃለች፣ የሚጨፍረውንም አላገኘሁትም። ሬዲዮ ስልክ ላይ ያሉትን ሁሉንም አስጠፊልኝ፤ "ወንበር" ብቻ ይቅር።

ፊቴን ልኬልሻለሁ። ሦስት ደቂቃ ነው፣ ከቅርብ፣ ምንም ያልተቆረጠ። እኔ ተናዝዣለሁ። አሁን አንቺ ንገሪኝ፤ ለምንድን ነው ቶሎ ያልሽኝ?

የእህትሽ ልጅ፣ ባለ ባልዲው


ግንቦት 11

ለእህቴ ልጅ፤

ከእንግዲህ የምትረግጠው ሁሉ ይጽናልህ።

ይህን ደብዳቤ የምትጽፈው ሬዲዮ ናት። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። የምልሽን ብቻ ጻፊ ብዬ አስጠንቅቄያታለሁ። (እኔም ሰላም ብያለሁ። ጽሑፌ ከሷ ይሻላል፤ ሬዲዮ።) አየህ?

ዓይኔ ነው። መሃሉ ጠፍቶ ዳር ዳሩ ብቻ ነው የሚታየኝ። ሰው ሲመጣ ፀጉሩን፣ ትከሻውን፣ አረማመዱን አያለሁ፤ ፊቱ ሊሆን የሚገባው ቦታ ጭጋግ ነው። ሐኪሙ "እናዘገየዋለን እንጂ አይመለስም" ብሎኛል። መስከረም ላይ ፎቶ ስጠይቅህ አስጠግቼ ባየው ገና ይታየኝ ነበር። ከቅርብ ያልኩህ ለዚያ ነው፤ ኅዳር ላይ ቶሎ ያልኩህም ለዚያ ነው። ታፔላውን ያወረድኩት እኔ ነኝ። ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት ያቃታት ሰው፣ ልብስ እሰፋለሁ ብላ በር ላይ መለጠፍ የለባትም። ብነግርህ ሥራህን ጥለህ ትመጣለህ ብዬ ፈራሁ። ባትመጣስ ብዬ ደግሞ የባሰ ፈራሁ። ስለዚህ አንተን ውሸታም ስል የከረምኩት ሌላዋ ውሸታም ነኝ፤ ከአንድ ጣቃ የተቀደድን ነን።

ፊትህ መጣ። ስልኩን አስጠጋሁት፣ አራቅሁት፣ ወደ ጎን አዘነበልኩት። ፀጉርህን አየሁ። ሁለት ጆሮህን አየሁ። መሃል ላይ አንተ የለህም፣ ሦስት ደቂቃ ሙሉ። አለቀስኩ፤ ለምን እደብቅሃለሁ።

ሬዲዮን ምን ይመስላል አልኳት። "ሞላ ብሏል፣ ቀላ ብሏል፣ ሲስቅ ጥርሱ ያምራል" አለችኝ። ጥርሱ። (ታዲያ ምን ልበላት? ሬዲዮ።) ሠላሳ ዓመት ውሸቷን ስሰማ ኖሬ፣ የዚያን ዕለቱን ያህል ደስ ያለኝ የለም።

ያልከውን አጥፍተናል። "ወንበር" ቀርቷል። አራተኛውን ቀን በየቀኑ አስከፍታለሁ። እሱ ያለ ችግር ይታየኛል፤ ጀርባ ዳርና ዳር እንጂ መሃል የለውም።

ስለዚህ አንድ ነገር ለምኜሃለሁ። ሌላ ፊልም ሥራልኝ። ባለ ስክሪኑን ጠይቀው፣ አለቆቹንም አስፈቅድ፤ ከእንግዲህ ስርቆት የለም። ኮሪደሩ ባዶ ይሁን፤ ተዋናይም አበባም አልፈልግም። ከወዲያኛው ጫፍ ተነስተህ ወደ ካሜራው ና። ስትደርስ ቁምና ቀና ብለህ እየኝ፤ እዚያ ጋ እኔ አላይህም፣ አንተ ግን እየኝ። ከዚያ ዞረህ ተመለስ። ባልዲውን ያዝ፤ ባዶ እጅህን ከሆንክ ትከሻህን ታስተካክላለህ። እግርህን አትደብቅብኝ፣ አትቸኩል። እስከ ጥጉ ድረስ አይሃለሁ።

አክስትህ፣ እትዬ


ከሬዲዮ፤ ይሄን እሷ አላለችም።

ጠባሳህን አይቼዋለሁ፤ እሷ እንደምትፈራው አይደለም፣ አንተም እንደምትፈራው አይደለም። ሌላው፤ ይህን ስታስጽፈኝ ሜትሯን አንገቷ ላይ አድርጋ ነው የተቀመጠችው። ኮት እየሰፋች ነው፣ በዳሰሳ። በግራ ትከሻው ስፖንጅ ደርባለች። ልኩን ከየት አመጣሽው ብላት "አልፎ ሲሄድ ለካሁት" አለችኝ። ለማንም አትናገሪ ብላኛለች፤ ለዚህ ነው የጻፍኩት። ክሩን መርፌ ውስጥ የማስገባላት እኔ ነኝ።